የአሸዋው ማሰሮ

ባለፈው ሰኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጅጋ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ቀኑ ገበያ ነበር። ረዳቱ «አስር ደቂቃ ብቻ!» ሲል የረዳት አስር ደቂቃ ስንት እንደሆነ ስለማውቅ ወርጄ ወደ ገበያው ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ጣለ። ሰዉ ወደ ሱቆቹ በረንዳ ሲሮጥ እኔ ሸክላ ሻጮቹ ዘንድ ቆሜ ቀረሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በደረቁ ማሰሮዎች ላይ ሲያርፉ የሚነሣው ሽታ አላስኬድ አለኝ። አንዷን ማሰሮ አንሥቼ አፍንጫዬን ከነግማሽ ፊቴ አስገባሁት። ሻጯ ሴትዮ በላስቲክ ተጠቅልላ ታየኛለች።

«እህትዓለም፣ ሸክላ እንደ ሽቶ ሲሸተት ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ።

«ለኔ ከሽቶም ይበልጥብኛል» አልኳት። እውነቴን ነበር። እርጥብ ሸክላና እርጥብ አሸዋ ሲሸተኝ ዛሬም ትከሻዬ ይላላል፤ ከትልቅ ጭንቅ የወጣሁ ያህል እተነፍሳለሁ።

ነገሩ የመጣው አስር ዓመት በሞላኝ ክረምት ነው። ቤታችን ከጅጋ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነበር። ግንቦት ላይ ውኃ መጠጣት ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ውኃ ይጠጣል፤ እኔ ግን የቤቱን እንስራ ብቻዬን እጨርሰው ጀመር። አባቴ «ይቺን ልጅ ወንዝ ዳር ብናሳድራት ይሻላል» እያለ ይቀልድ ነበር። ከዚያ ጓሮ የምሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ሰፈረ። እኔ ደስ አለኝ። ጉንዳን የሚከተለው የተባረከ ሰው መስሎኝ ጓደኛዬን ሰርካለምን ጠርቼ በኩራት አሳየኋት። እናቴ ግን ጉንዳኑን አይታ መቀለዱን ከለከለች።

ሰኔ ሲገባ ቀሚሴ ከትከሻዬ እየወረደ አስቸገረኝ። ከአፌ የተበላሸ ፍሬ የሚመስል ጠረን ይወጣ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ስም አወጣለት፦ ምች ነው ያለ አለ፣ ዓይን ነው ያለ አለ፣ ኮሶ ነው ያለም አልጠፋ። እናቴ ሁሉንም ሰማች፣ ሁሉንም ሞከረች። አንድ ጠዋት ከመደቡ መነሣት አቃተኝ። አባቴና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሱኝ። የቃሬዛው ገመድ ሲጮህና እናቴ ከጎኑ እየሮጠች ስታለቅስ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የለም።

ዓይኔን የገለጥኩት ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የስኳር በሽታ ነው ተባለ። እኔ ስለ በሽታው ስም ብዙም አልተጨነቅሁ፤ ልቤን የወሰደችው አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ ነበረች። «ከዚህ በእግሬ ከወጣሁ ለእመቤቴ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ስትሳል ሰማኋት። በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ለካ መዳን እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መስጠት ነው። እኔ ደግሞ ጥላ የለኝም። ያለኝ ሆዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ማንም ሳይሰማኝ ተሳልኩ፦ ቤቴ ከተመለስኩ ፍልሰታን በሙሉ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ውኃም ሳልቀምስ እጾማለሁ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጾሙትና የሚቆርቡበት። ከዚህ የተሻለ ስእለት ከየት ይመጣል?

ለእናቴ መርፌ ያስተማረቻት ሲስተር የሺ የምትባል ነርስ ናት። ቀጭን ናት፣ ስትናገር በጣቷ ጠረጴዛውን ትመታለች። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ መርፌው ላይ መድኃኒቱ የሚደርስበትን መስመር በቀይ ቀለም ምልክት አደረገችላት። ከዚያ ሎሚ ሰጠቻትና «ውጊው» አለቻት። እናቴ ሎሚውን ስትወጋ መርፌው ጠመመባት። በአስረኛው ይሁን በሃያኛው ግን ቀጥ አለ።

«ስሚኝ» አለች ሲስተር ጠረጴዛውን እየመታች። «መርፌ ከተወጋች ትብላ። ተወግታ ካልበላች መርፌው ራሱ ይጥላታል። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ የማይሆን ነገር ካወራች ስኳር ስጫት። ማንንም እንዳትጠይቂ፤ መጀመሪያ ስኳር።»

እናቴ ቃል በቃል ደገመችላት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ግን ሎሚውን እያየሁ ነበር። ያን ሁሉ የተወጋ ሎሚ አሳዝኖኝ ሌላው ነገር በጆሮዬ አልገባም።

ስንሰናበት ሲስተር የሺ «በእናንተ በኩል ያሉትን ሕሙማን እየዞሩ የሚጠይቁ በጎ ፈቃደኛ አሉን» አለች። «መድኃኒቱን ያደርሱላችኋል፣ ያላወቃችሁትንም ያሳዩዋችኋል። መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ።»

እናቴ እልል አለች። እኔ ግን ከፋኝ። መሪጌታ ጥበቡ የደብራችን ማኅሌት መሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ከግቢው አልፎ እኛ ቤት ይሰማል። ነገር ግን እኛ ልጆች የምናውቃቸው በሌላ ነው። የካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ ከረሜላ አለበት። ሲራመዱ ልጣጩ ይንሿሿል። አንድም ቀን ለአንድም ልጅ ሰጥተው አያውቁም። ሰርካለም እንዲያውም «ሲሞቱ ከኪሳቸው ጋር ነው የሚቀበሩት» ትል ነበር።

ይባስ ብሎ ከሆስፒታል በተመለስን በሳምንቱ፣ በሰኔ ጾም፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ነገር አየሁ። እናቴ ለምስጋና ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄዳ እሷ ስትሳለም እኔ በቤተልሔሙ ጀርባ ዞርኩ። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። ከረሜላ ላጡ። አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ጊዜው ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ምስጢር ለብቻ ሲይዙት የበለጠ ይጣፍጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን «መሪጌታ» ሲባል በልቤ «ገዳፊ» እል ነበር።

ገዳፊው ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ይመጡ ጀመር። የመጽሐፍ ማኅደራቸውን አንግተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጭቃውን እያቦኩ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የመርፌዬን መድኃኒት ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ እንደጠቀለሉት ከማኅደሩ አወጡ። ከዚያ እናቴን ሁለት ማሰሮ አስመጧት፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ትልቁ ውስጥ አሸዋ ጨመሩ፣ ትንሹን አሸዋው መሃል ቀበሩት፣ ብልቃጡን ትንሹ ውስጥ አስቀምጠው በጨርቅ ከደኑት።

«ክረምት ቢሆንም እሳት ያለበት ቤት ይሞቃል» አሉ። «ከምድጃው ይራቅ። አሸዋው ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ ውኃ ይጠጣ። ከደረቀ መድኃኒቱ ይሞታል። ይህ ያንቺ ሥራ ነው፣ ሰማሽ ልጄ?»

ይሞታል ሲሉ ደነገጥኩ። መድኃኒቱ ሕይወት ያለው፣ እኔን በግንቦት እንደጠማኝ የሚጠማው ነገር መሰለኝ። የውኃ ጥምን ማን እንደኔ ያውቀዋል? ጣሳውን ይዤ አሸዋውን በቀስታ ሳጠጣ ሽታው ይነሣል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሲምግ እሰማዋለሁ። «ጠጣ፣ ጠጣ» እለው ነበር።

«እርስዎ ቤትም እንዲህ ያለ ማሰሮ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን ይሠራልኛል» አሉና ማኅደራቸውን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉት።

ሲወጡ እናቴን «ከረሜላ በመቀነትሽ ቋጥረሽ ዋይ፤ ለክፉ ቀን ነው» አሏት። ኪሳቸው ሞልቶ እየተንሿሿ አንዲት እንኳ አላወጡም። እኔ በዓይኔ ሸኘኋቸው።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ከፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠብቃ አበላችኝ። ስእለቴ ገና አልተጀመረም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሰዓት በኋላ ሰርካለም ነጠላዋን አጣፍታ ከቅዳሴ ስትመለስ አገኘኋት።

«ዘንድሮ አንቺ ከሚጠቡት ጋር ነሽ አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ።»

ይህን ሰምቶ ማን ዝም ይላል? ነገር ግን ከሰርካለም ምላስ የበለጠ የሚያስፈራኝ ስእለቴ ነበር። ቃሌን ካጠፍኩ ያ ቃሬዛ ተመልሶ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። እናቴ ያኔ ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች ስታለቅስ የሰማሁትን ለቅሶ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። የምጾመው ለመዳን ነበር።

በማግስቱ እናቴ ጠዋት መርፌዬን ወጋችኝ፣ ቂጣ በተልባ አቀረበችልኝ። ሴቶቹ ለጤፍ አረም እየጠሯት ነበር። «ብይ እንጂ የኔ ዓለም» አለች በሩ ላይ ቆማ። አንዴ ጎረስኩ። ፈገግ ብላ ወጣች። የጎረስኩትን አውጥቼ የቀረውን ጨምሬ ለውሻችን ለመቻል ሰጠሁት። መቻል እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። አሸዋዬን አጠጣሁ፣ ነጠላዬን ለበስኩ፣ ሄድኩ።

ግቢው በጉም ተሞልቷል፤ ሣሩ እርጥብ ነው። ከልጆቹ ጋር ተሰልፌ ቆምኩ። ውስጥ የከበሮው ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ የመጣው ርሀብ የማውቀው ዓይነት አልነበረም፤ ሆዴን ትቶ ጉልበቴ ላይ ገባ። ከዚያ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ከበሮው ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ የሚመታ መሰለኝ። የሰርካለም ነጠላ ዙሪያውን ብርሃን አወጣ። ሳቅ ሳቅ አለኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ሰርካለም።

«ብርሃን ሆንሽ» አልኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቅድስና የጀመረኝ መስሎኝ ነበር። ስእለቴ በሰዓታት ውስጥ ደርሶ መላእክት የቀረቡኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሣሩ ተነሥቶ ፊቴን መታኝ።

ከላዬ ሰዎች ተሰበሰቡ። «ጠበል አምጡ!» ትላለች አንዷ፤ «አትንኳት፣ ይልቀቃት» ይላል ሌላው። በመሃል የማውቀው መንሿሿት መጣ። መሪጌታ ጥበቡ ማኅሌቱን አቋርጠው፣ መቋሚያቸውን ጥለው፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። እጄን ያዙ፣ ላቤን ዳሰሱ።

«ዛሬ በልተሻል?»

«አልበላሁም። ስእለት አለብኝ።»

ከረሜላ ላጡ። ከኪሳቸው! ወደ አፌ ሲያመጡት ጥርሴን ነከስኩ። የቀረኝን ጉልበት ሁሉ አሰባስቤ ጮኽኩ፦

«አልበላም! እርስዎ ነዎት ገዳፊ! በሰኔ ጾም ከቤተልሔም ጀርባ ሲበሉ አይቼዎታለሁ!»

ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ወጥተው ቆመዋል። የሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው ላይ ነው። አንድ የማኅሌት መሪ እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። ፊታቸው ሲገረጣ ግን አየሁ። ወደ ሰዉ ቀና አሉ።

«እውነቷን ነው» አሉ። ያ ግቢውን የሚሞላው ድምፅ አልነበረም። «ሰባት ዓመቴ ነው መርፌ ስወጋ። እሷ ያለባት በሽታ እኔም አለብኝ። ከእናንተ አፍሬ ደበቅሁ።»

ከዚያ ሁሉም እያየ ከረሜላውን በራሳቸው አፍ ውስጥ ጨመሩት። ሲያደቁት ድምፁ ተሰማ። ሌላ ላጡና ወደኔ አጎነበሱ።

«እንግዲህ ብቻዬን ገዳፊ አታድርጊኝ ልጄ» አሉኝ። «እባክሽ።»

ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ከነበረው ጉም መሃል አንድ ነገር ብቻ ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው። አዘንኩላቸው። አፌን ከፈትኩ። የሎሚ ከረሜላ ነበር። ሁለተኛውን ሰጡኝ፣ ሦስተኛውን ሰጡኝ፤ አንዲት ሴት ስኳር በውኃ በጥብጣ መጣች። ቀስ በቀስ ከበሮው ከወንዝ ማዶ ተመለሰ፣ የሰርካለም ነጠላም ነጠላ ሆነ። ሰርካለም እያለቀሰች ነበር።

እናቴ ከማሳው እግሯ በጭቃ እንደተለወሰ፣ የነቀለችውን አረም ከእጇ ሳትጥል ደረሰች። ሳመችኝ፣ ቆነጠጠችኝ፣ እንደገና ሳመችኝ። መሪጌታ ስልካቸውን አውጥተው ሲስተር የሺ ዘንድ ደወሉና ድምፁን ለሁላችን ከፍ አደረጉት።

«ነቃች?» አለች ሲስተር።

«ነቅታለች።»

«ስኳር ብቻ እንዳይሆን፣ ምግብ ትብላ።»

«ቂጣ እየበላች ነው።»

«እርስዎስ?»

መሪጌታ ወደ ቆመው ሰው ዞር አሉ። «እኔም ነገርኳቸው» አሉ። «ሁሉም ሰሙ።»

ከወዲያ በኩል ጠረጴዛ የሚመታ ጣት ሰማሁ፤ ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ። «ተመስገን! ስንት ዓመት ለመንኩዎት መሪጌታ! ተመስገን!» አለች።

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ የንስሐ አባታችን ዋርካው ሥር አስቀመጡን፤ እኔን፣ እናቴንና መሪጌታን። ስእለቴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እመቤታችን የልጅ እናት ናት» አሉ ቄሱ። «ልጇ እንዲህ እንዲወድቅላት የምትፈልግ እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም አባቴ።»

«እንግዲያው ከጾሙ ፈትቼሻለሁ። ያንቺ ጾም መርፌሽን በሰዓቱ ተወግተሽ መብላት ነው። በስእለትሽ ፋንታ ግን አሸዋሽን አንድ ቀን ሳታጓድዪ ታጠጫለሽ፤ መሪጌታ ለሌሎች ሕሙማን ማሰሮ ሲያሰናዱም ከወንዝ አሸዋ ታመጫለሽ። ይብቃሻል?»

ይብቃኛል? ከላዬ ተራራ ወረደ! ቃሬዛው ተመልሶ አይመጣም። ራሴን ደጋግሜ ነቀነቅሁ።

ቄሱ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እርስዎም ቀኖና አለብዎ።»

«ይገባኛል» አሉ መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው። «ምን ላድርግ?»

«የደበቁትን መድኃኒት ሰው ቤት ያስቀምጡ።»

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ በራችን ላይ የታወቀው መንሿሿት መጣ። ቅዳሜ አልነበረም። መሪጌታ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ማኅደራቸውን ከፍተው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ለሰው ሁሉ ማሰሮ ሲያበጁ የራሳቸውን መድኃኒት ሰባት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር አዝለው ዞረዋል። ተማሪዎቻቸው ጎጆአቸው እየገቡ ስለሚወጡ ማሰሮው ያሳብቅብኛል ብለው ፈርተው ነው። ስንቴ ሞቆ ተበላሽቶባቸው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

«ታስቀምጪልኛለሽ?» አሉኝ። እናቴን ሳይሆን እኔን ነው የጠየቁት።

ጨርቁን ገልጬ ብልቃጡን ከብልቃጤ አጠገብ አኖርኩት። ጣሳዬን ሞልቼ አሸዋውን አጠጣሁ። ሽታው ተነሣ። ከዚያ ጣሳውን እንደገና ልሞላ ስነሣ መሪጌታ ያዙኝ።

«አንድ ይበቃል» አሉ።

«ለእርስዎስ?»

«ካንቺው ይደርሰኛል።»

እናቴ መርፌዬን ወጋችኝ። መሪጌታም የራሳቸውን አዘጋጁና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ እሳቱ ፊት ለፊት፣ ወደ እኛ ዞረው፣ እያየናቸው ተወጉ። አባቴ ውኃ አቀረበና እጃቸውን አስታጠባቸው። እናቴ ትኩስ ቂጣ ከነተልባው መሃላችን አስቀመጠች። መቻል ጭራውን እየቆላ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የጠዋቱን አልረሳም።

«ውጣ!» አልኩት፤ እስኪወጣ ጠብቄ በሩን ዘጋሁበት።